ሊቢቲና ማንንም አልገደለችም

የሮማ ሙታን ጌቶች ብዙ ናቸው። ዲስ ፓተር ከምድር በታች ይገዛል፣ ፕሮሰርፒና ሚስቱ ናት፣ የየቤቱ ሙታን ደግሞ ማኔስ ይባላሉ። ስለ እነርሱ ይህ ይበቃል፤ የሚጽፍላቸው አላጡም። እኔ የማዝነው ለሊቢቲና ነው። በቅርቡ አንድ ወጣት ዘመዴ ከሚጫወተው የቪዲዮ ጌም ላይ አሳየኝ፤ ጥቁር ካባ ደርባ፣ ማጭድ ይዛ ነፍስ ታጭዳለች። እባካችሁ፣ ማጭዱን አስቀምጡላት! ሊቢቲና ነፍስ የምታወጣ ሳትሆን የቀብር አምላክ ናት፤ ሥራዋ የሚጀምረው ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነው።

ሮም ውስጥ የነበረው ዐጸዷ ከመስገጃነቱ ይልቅ ቢሮነቱ ያመዝን ነበር። ሰው በሞተ ቁጥር ለግምጃ ቤቷ አንድ ሳንቲም እንዲገባ ሥርዓት ያወጣው ንጉሥ ሰርቪየስ ቱሊየስ ነው ይባላል። የቀብር ዕቃም በቤተ መቅደሷ ይሸጥ እንደነበር ፕሉታርክ ጽፏል፤ አንዳንዶች ከፍቅር አምላኳ ከቬኑስ ጋር አንድ ማድረጋቸው ገርሞት ምክንያቱን ሲፈላልግ ይታያል። መዝገቡም እዚያው ነበር። ሱዌቶኒየስ በኔሮ ዘመን በአንድ የመጸው ወቅት ወረርሽኝ 30,000 ሰው መሞቱን ሲነግረን የሚጠቅሰው የሊቢቲናን መዝገብ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ከሮም ወጣ ብሎ፣ በኔፕልስ አጠገብ በፑቴኦሊ የተገኘውን የእብነ በረድ ጽሑፍ ነው። ዕድሜው ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ከተማዋ የቀብሩን ሥራ ለአንድ ተቋራጭ ሰጥታ ግዴታውን አንድ በአንድ ጽፋበታለች። 32 ሠራተኞች ይኑሩት፤ ዕድሜያቸው ከ20 አይነስ፣ ከ50 አይብለጥ፤ አንካሳ፣ ዐይነ ስውር ወይም ቁስለኛ አይቀጠር። የሊቢቲና ዐጸድ ካለበት ግንብ ወዲህ ቤት አይኑራቸው። ሬሳ ለማንሳት ወይም ቅጣት ለማስፈጸም ካልሆነ ከተማ አይግቡ፤ ሲገቡም ባለቀለም ቆብ ያድርጉ። የሚታጠቡት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ነው።

ሮማውያን የቀኑን ሰዓት እንደ እኛው ከፀሐይ መውጫ ስለሚቆጥሩ፣ አውሮፓዊ አንባቢ በጣቱ እያሰላ የሚያነበውን እኛ እንዳለ እናነበዋለን። የባሪያ ሞት ከአሥር ሰዓት በፊት ከተነገረ ሬሳው በዕለቱ ይነሳል፤ ከአሥር በኋላ ከሆነ በማግስቱ ከሁለት ሰዓት በፊት። ራሱን የሰቀለ ሰው ግን ወሬው በደረሰበት በዚያው ሰዓት ወርዶ መነሳት አለበት። ሬሳ በመንጠቆ እንዲጎተት ሲታዘዝም ሠራተኞቹ ቀይ ለብሰው፣ ደወል እያቃጨሉ ይጎትቱታል።

ይህን ሁሉ ሳወራ «እንግዲያው የሮማ እድር ናት» የሚሉኝ አሉ። አይደለችም! እድር የሚመስለውን ከፈለጋችሁ ላኑቪየም ሂዱ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ136 የተቀረጸ የአንድ ማኅበር ደንብ ተገኝቷል፤ መግቢያው 100 ሴስተርስና አንድ ጋን ጥሩ ወይን ነው፣ በየወሩ መዋጮ አለ፣ አባል ሲሞት ለቀብሩ ይከፈላል። የማኅበሩ ጠባቂዎች ግን ዲያናና አንቲኖስ እንጂ ሊቢቲና አይደለችም። ወደ ሊቢቲና የሚኬደው ሠራተኛ ለመቅጠርና ዕቃ ለመግዛት ነው።

የእርሷን ሥራ የሚሠሩት ሊቢቲናሪ ይባላሉ። ሁሉም ይፈልጋቸዋል፤ አብሯቸው ሊቀመጥ የሚወድ ግን የለም። ደቡብ ኢጣሊያ ውስጥ በሄራክሊያ አጠገብ በተገኘው የነሐስ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ሕግ ከከተማ ሹመት ሲያግዳቸው፣ ከጨረታ ለፋፊ ጋር በአንድ መስመር ደርድሯቸዋል። እገዳው የሚጸናው ሥራው ላይ እስካሉ ድረስ ብቻ ነው፤ ሬሳ ማንሳቱን ትቶ የመጣ ሰው ለሹመት መወዳደር ይችላል።