እንግዳው ራሱ አብስሎ የሚበላባቸው የሐይቅ ዳር ቤቶች

ባልና ሚስት ከሥራና ከከተማ ወከባ ተለይተው ጥቂት ቀን ብቻቸውን ለማሳለፍ ሲያስቡ፣ ከታላላቅ ሆቴሎች ይልቅ በሐይቅ ዳር የተሠሩ ትንንሽ ቤቶችን መከራየት የሚመርጡ አሉ። በዚህ ዓይነት ቤት አስተናጋጅ የለም፤ ባለቤቱ የሚያከራየው ቤቱን፣ መኝታውንና የማብሰያውን ስፍራ ሲሆን ምግቡን የሚያዘጋጀው እንግዳው ራሱ ነው። ስለዚህ ጾመኛው ጾሙን ሳያፈርስ፣ ማርፈድ የሚወደውም የቁርስ ሰዓት አለፈብኝ ሳይል እንደ ልቡ ይሰነብታል። ይሁን እንጂ አከራይና ተከራይ አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር ስላለ፣ የላንጋኖን ሐይቅ ምሳሌ አድርገን ከዚህ ቀጥሎ እናስረዳለን።

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ 1,600 ሜትር ያህል ስለሆነ አየሩ ከአዲስ አበባ ይልቅ ሞቃት ነው። ውኃው ቡናማ የሆነው በእድፍ ሳይሆን በውስጡ በሚንሳፈፍ ደቃቅ አፈር ምክንያት ነው፤ ብዙ ሰዎች ለዋና የሚመርጡትም ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ስለሚባል ነው። ከመንገዱ በስተ ምዕራብ የአብያታና የሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ አለ። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ዓሣ በመንገድ ላይ ከመቂና ከባቱ (ዝዋይ) ገበያ ስለሚገኝ፣ እንግዳው ሁሉን ከአዲስ አበባ ጭኖ መሄድ አያስፈልገውም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው የመጠጥ ውኃ ነው። በስምጥ ሸለቆ የሚገኙ ብዙ የጉድጓድ ውኃዎች ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ከዚህ እጅግ የበለጠውን ለረጅም ዘመን የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፣ አጥንቱም ይጎዳል። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን በቀረው ውስጥ ይበረታል። ለሁለት ቀን እንግዳ ጉዳቱ አነስተኛ ቢሆንም፣ ዘበኛውና ቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ የሚጠጡት ይህንኑ ስለሆነ አከራዩ ውኃውን ማስመርመር ይገባዋል።

ሁለተኛው የእሳት ጉዳይ ነው። እኔና ባለቤቴ አንድ ጊዜ በዚሁ ሐይቅ ዳር ቤት ስንከራይ «ማድ ቤቱ የተሟላ ነው» ተብለን ነበር። ስንደርስ ያገኘነው ክዳን የሌለው አንድ ድስትና አንድ የከሰል ምድጃ ብቻ ነው። ራታችንን በረንዳ ላይ ስናበስል ነፋስ ስለተነሣ ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገብተን በሩን ዘጋን። ጢሱ ስለጠፋ ጉዳቱም የጠፋ መስሎን ነበር። ጥቂት ቆይቶ ባለቤቴ ራሴን አመመኝ አለች፤ እኔም የመንገድ ድካም ነው አልኋት። ለመነሣት ስሞክር ግን ጉልበቴ ከዳኝ። እርስዋ እንደምንም ደርሳ በሩን ባትከፍተው ኖሮ ይህን ለመጻፍ ባልበቃሁ ነበር። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፤ በተዘጋ ቤት ተኝቶ የሚተነፍሰውን ሰው ሳያነቃው ይገድላል።

እንግዲህ በዚህ ንግድ ለመሠማራት የሚያስቡ ነጋዴዎች ሦስት ነገር እንዲያሟሉ እንመክራለን። አንደኛ፣ በቤቱ ያለው ዕቃ ሁሉ ከድስት እስከ ማንኪያ በዝርዝር ተጽፎ፣ ከኪራዩ ስምምነት በፊት ለተከራዩ ይድረሰው። ሁለተኛ፣ ማብሰያው ከመኝታ ቤቱ ተለይቶ፣ ነፋስ የማያገኘው ግን አየር የሚዘዋወርበት ሆኖ ይሠራ። ሦስተኛ፣ አገሩ ወባ ያለበት ስለሆነ በየአልጋው አጎበር ይሰቀል። ተከራዩም በበኩሉ ዝርዝሩን ሳያይ ገንዘብ አይክፈል፤ የመጠጥ ውኃውን ይዞ ይሂድ፤ ቢበርደው ብርድ ልብስ ይደርብ እንጂ ከሰል ወደ መኝታ ቤት አያስገባ።

ለዕረፍት የሄዱ ባልና ሚስት በደኅና ሲመለሱ ለወዳጆቻቸው ያወራሉ፤ ለአከራዩም ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ የለም።