ከተረት ዘንዶ በስተጀርባ፦ የጓሮ ዶሮና የአባያ አዞ

ለልጆች ተረት ዳይኖሰር መሰል ፍጡር የሚፈጥር ሰው አርአያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻውም። ዶሮ ከሥጋ በል ዳይኖሰሮች ዘር የወረደች ስትሆን፣ የአባያ ሐይቅ አዞ ደግሞ የዳይኖሰሮች የሩቅ ዘመድ ነው። በዓባይ ተፋሰስ ሸለቆዎችም ከ145 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ያስቆጠሩ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል።

ፍጡሩ የሚታመነው አካሉ ከአኗኗሩ ጋር ሲስማማ ነው። የዶሮ ቅርፊታም እግር ለመጫርና ለመሮጥ ያመቻል። ለአዞ ክንፍ የሚቀጥል ሠዓሊ ግን ያን ከባድ ገላ ምን እንደሚያነሣው ቢያስብ መልካም ነው። የአዞ ዓይንና አፍንጫ በራሱ አናት ላይ በመሆናቸው፣ ቀሪ አካሉን በውኃ ሰውሮ ያደፍጣል።

በሁምቦ በኩል ከብቱን ወደ ሐይቁ ለሚያወርድ እረኛ ይህ ከጨዋታ ያለፈ ጉዳይ ነው፤ በተረቱ ሥዕል ከውኃ በላይ ሁለት ዓይኖችን ብቻ ያየ ልጅ፣ በዳርቻው ምን ማስተዋል እንዳለበት ያውቃል።