ከዕፅዋት የሚገኙ የካንሰር መድኃኒቶች፦ ከዛፍ እስከ መርፌ

እርስዎ ወይም የቤተሰብዎ አባል ካንሰር እንዳለበት ሲታወቅ፣ «ይህ ቅጠል ያድናል» የሚል ሰው አይጠፋም። ሐሳቡ ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ በሆስፒታል የሚሰጡ በርካታ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች መነሻቸው ተክል ነው። ነገር ግን ተክሉ ራሱ መድኃኒት አይደለም።

ከዕፅዋት የተገኙት የትኞቹ ናቸው?

• ቪንክሪስቲን፦ ቪንካ ከተባለ የማዳጋስካር አበባ የተገኘ ሲሆን፣ በተለይ የሕፃናትን የደም ካንሰር ለማከም ይረዳል።
• ፓክሊታክሰል፦ በሰሜን አሜሪካ ከሚበቅል ዛፍ ቅርፊት የተገኘ ነው። ቅርፊቱ ለምርመራ የተሰበሰበው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን፣ መድኃኒቱ በአሜሪካ የተፈቀደው ግን በ1992 ነው።

ከኢትዮጵያ የተነሳው መድኃኒት

እ.ኤ.አ. በ1972 የአሜሪካ ተመራማሪዎች፣ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበና የአጣጥ ዘመድ ከሆነ ተክል ሜይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር ለይተው ማውጣታቸውን አሳወቁ። ንጥረ ነገሩ በቤተ ሙከራ የካንሰር ሕዋሳትን በጣም በትንሽ መጠን ይገድላል። በታካሚዎች ላይ ሲሞከር ግን ከባድ ትውከት፣ ተቅማጥና የነርቭ ጉዳት አስከተለ፤ ሰውነት በሚችለው መጠን ሲሰጥም በቂ ጥቅም አላሳየም።

ኋላ ላይ ተመራማሪዎች ተመሳሳዩን ንጥረ ነገር ከባክቴሪያ አመረቱ፤ አሠራሩንም በጥቂቱ ለውጠው፣ ኸር-2 የተባለውን ፕሮቲን ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አያያዙት። በዚህ መንገድ መርዙ በአብዛኛው የሚደርሰው ይህ ፕሮቲን ወደበዛበት የካንሰር ሕዋስ ነው። ካድሲላ የተባለው ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ለጡት ካንሰር ተፈቀደ። 40 ዓመት ያህል ፈጅቷል ማለት ነው።

ለምን ይህን ያህል ይዘገያል?

አዲስ መድኃኒት በመጀመሪያ በሕዋሳትና በእንስሳት ላይ ይሞከራል። ከዚያ በሰዎች ላይ በሦስት ደረጃ ይፈተናል፦ መጀመሪያ ጉዳት የማያደርሰው መጠን ይፈለጋል፤ ቀጥሎ ዕጢውን ይቀንስ እንደሆነ ይታያል፤ በመጨረሻም በሥራ ላይ ካለው ሕክምና ጋር ይነጻጸራል። በቤተ ሙከራ ተስፋ ከሰጡት አብዛኞቹ እዚህ አይደርሱም።

ቅጠሉን ቀቅዬ ብጠጣስ?

አይመከርም። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ምን ያህል ንጥረ ነገር እንዳለ ማንም አያውቅም፤ ጠቃሚው ተክል ራሱ መርዛማ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ዕፅዋት ደግሞ ጉበት ኬሞቴራፒውን የሚያስወግድበትን መንገድ ስለሚለውጡ፣ መድኃኒቱ እንዲደክም ወይም ከመጠን በላይ እንዲጎዳ ያደርጋሉ።

ምን ማድረግ ይገባዎታል?

• ባህላዊ መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ፣ ሳያፍሩ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ከተቻለ ተክሉን ይዘው ይሂዱ።
• ሐኪምዎን ሳያማክሩ ሕክምናዎን አያቋርጡ። ገና ሳይሰራጭ ሊድን የሚችል ካንሰር በመዘግየት ብቻ ከእጅ ሊያመልጥ ይችላል።
• ቅጠሉን ያመጣልዎት ዘመድ በፍቅር ነው ያመጣው። አመስግነው፣ ወደ ሐኪሙ ቀጠሮ አብሮዎት እንዲሄድ ይጠይቁት።