«መታወቂያህን አሳይ!»

መታወቂያ የሌለው ሰው ጉዳዩ እንዴት እንደሚጉላላ ሁላችንም እናውቃለን። ገንዘብ ከባንክ ለማውጣትም ሆነ ቤት ለመከራየት በቅድሚያ የምንጠየቀው እርሱን ነው። ስለዚህ «መታወቂያ መያዝ ግዴታ ሊሆን አይገባም» የሚሉ ሰዎች አሉ ሲባል ብዙዎቻችን መገረማችን አይቀርም። ሆኖም ክርክሩ የቆየ፣ ቁም ነገርም ያለው ነው። በእንግሊዝ አገር የሆነውን እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የብሪታንያ መንግሥት ነዋሪውን መዝግቦ መታወቂያ አደለ። ዓላማው ሦስት ነበር፦ ለውትድርና መመልመል፣ የአገርን ደኅንነት መጠበቅና ምግብን በራሽን ማደል። ጦርነቱ በ1945 አበቃ፤ መታወቂያው ግን አልቀረም። እንዲያውም በ1950 በመዝገቡ የሚገለገሉት መሥሪያ ቤቶች 39 ደርሰው ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ክላረንስ ዊልኮክ የተባለ ሰው ለንደን ውስጥ መኪና ሲነዳ ፖሊስ አስቁሞ መታወቂያ ጠየቀው። «አላሳይም» አለ። ተከሰሰ፤ ሕጉ ገና አልተሻረምና ጥፋተኛ ተባለ፤ ቅጣት ግን አልተጣለበትም። በ1951 ይግባኙን የሰሙት ዋና ዳኛ ሎርድ ጎዳርድ ፍርዱን ቢያጸኑም፣ ለጦርነት የወጣን ሕግ ለዘወትር ጉዳይ ማዋል ሕግ አክባሪውን ሰው ከፖሊስ ጋር ያቃቅራል ሲሉ ነቀፉ። በየካቲት 1952 መታወቂያው ቀረ። በ2006 ሌላ የመታወቂያ ሕግ ቢወጣም በ2010 ተሻረ፤ የተሰበሰበውም መረጃ በ2011 እንዲጠፋ ተደረገ።

መዝገብ በክፉ እጅ ሲወድቅ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ሩዋንዳ ትመስክር። በቅኝ ግዛት ዘመን መታወቂያ ላይ የተጻፈው የጎሣ ስም በ1994 በየኬላው ሰው የሚገደልበት ምልክት ሆነ።

ታዲያ መታወቂያ ይቅር ማለታችን ነውን? አይደለም። ዘመድና ምስክር የሌላት ሴት መብቷን የምታስከብረው በዚሁ ወረቀት ነው። በአገራችንም በ2015 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቶ ፋይዳ የተሰኘው ዲጂታል መታወቂያ በሕግ ጸንቷል። የጣት አሻራችንንና የዓይናችንን ምስል ጭምር ይመዘግባል። የጠፋ ካርድ ይተካል፤ አሻራ ግን አይተካም። ስለዚህ መረጃው በያዘው አካል እጅ ያለ አማና ነው።

አማና ደግሞ ይጠየቁበታል። እኛም ልጆቻችንን ስናስመዘግብ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ መረጃው ለምን ተፈለገ? ማን ያየዋል? መታወቂያ ያላገኘው ሰውስ ከምን ይከለከላል? ይህን መጠየቅ ሕግን መጣስ አይደለም። የዊልኮክ አገር ሰዎች ሦስቱ ዓላማ 39 መሥሪያ ቤት እስኪሆን ድረስ አልጠየቁም ነበር።