ከሱማትራ እስከ ድስታችን

በ1443ኛው ዓመተ ሒጅራ ረመዷን የሳምቡሳ መጥበሻ ዘይት ዋጋው እሳት ሆኖ እንደነበር ማን ይዘነጋዋል? ያን ጊዜ ብዙ ሰው ጣቱን የቀሰረው በሰፈሩ ባለሱቅ ላይ ነበር። የነገሩ ሥር ግን ከባለሱቁ እጅግ የራቀ ነው።

በየቤታችን የተለመደው የሚረጋው ዘይት ከፓልም ፍሬ የሚጨመቅ ነው። ከዓለም ምርት ከመቶ 80 የሚበልጠው ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ይገኛል። ከዚያ በመርከብ ተጭኖ ጅቡቲ ይራገፋል፤ ከጅቡቲም በከባድ መኪና ወደ መሐል አገር ይገባል። ከዚህ ረጅም ሰንሰለት አንዷ ቀለበት ከተበጠሰች ጉዳቱ ከድስታችን ይደርሳል።

የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ከጥቁር ባሕር ወደቦች ይወጣ የነበረው የሱፍ አበባ ዘይት ተስተጓጎለ፤ ገዢው ሁሉ ወደ ፓልም ዞረ። በኢንዶኔዥያ እንኳ ሳይቀር እናቶች ለዘይት ተሰለፉ። የጃካርታ መንግሥትም ሚያዝያ 20 ቀን፣ ዒድ አልፈጥር 4 ቀን ሲቀረው፣ ዘይቱ ከአገር እንዳይወጣ አገደ። ለወገኑ ማሰቡ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ የፓልም ፍሬ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ካልተጨመቀ ይበላሻል። ማጠራቀሚያዎቹ ሞሉ፤ ፋብሪካዎች ፍሬ መግዛት ቀነሱ፤ የፍሬው ዋጋ ወደቀ፤ ገበሬውም አደባባይ ወጥቶ ጮኸ። እገዳው አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው ግንቦት 15 ቀን ተነሳ። ለዒድ የተቸገረችው እናት ግን ዒዷ አልፏል።

እኛን የሚያስቆጨን ደግሞ ሌላ ነው። አገራችን የሁመራን ሰሊጥ ወደ ውጭ እየላከች የሩቅ አገር ዘይት ትሸምታለች። ኑግ፣ ተልባ፣ ሱፍና ለውዝም ታመርታለች። ሰሊጡ የሚያስገባው የውጭ ምንዛሪ አስፈላጊ መሆኑን አንክድም። መጭመቂያ ፋብሪካዎችም አሉ፤ የሚያንሳቸው ጥሬ ዕቃ ነው። ላኪው የተሻለ እየከፈለው ገበሬው ለምን ለፋብሪካ ይሸጣል? በእኛ አስተያየት ፋብሪካዎቹ ከመኸር በፊት፣ ገና ሲዘራ፣ ከገበሬው ጋር በዋጋ ቢዋዋሉ ይበጃል። አስመጪዎችም ቢሆኑ፣ ጥቂት ቢያስወጣቸውም፣ ከአንድ አገር ብቻ ባይገዙ መልካም ነው።

በቤት ደረጃስ? አንዳንድ እህቶች “ዘይት ገዝቶ ማስቀመጥ ኢሕቲካር አይሆንም ወይ?” ይላሉ። አይሆንም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። የተወገዘው ሕዝብ ተቸግሮ እያለ፣ ዋጋ እስኪንር ብሎ በመጋዘን መቆለፍ ነው።

ስለዚህ ገበያው ሲረጋጋ ለአንድና ለሁለት ወር የሚሆነውን መያዝ ደግ ነው። ዘይቱ ከምድጃና ከብርሃን ርቆ ይቀመጥ። የኑግ ዘይት ግን ጠረኑ ቶሎ ስለሚለወጥ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት መግዛት ይሻላል።