የመጀመሪያ ቦርዳችሁን ስትገዙ

 

ማይክሮኮንትሮለር መማር የጀመረ ተማሪ ቶሎ የሚጠይቀው «የትኛው ቦርድ ይበልጣል?» ብሎ ነው። ኪሱ ለሳሳ ተማሪ ግን መቅደም ያለበት «ምን ልሠራበት ነው?» የሚለው ነው። በአነስተኛ ዋጋ ከሚታወቁት ሦስቱን እንመልከት።

አርዱይኖ ኡኖ አር3፦ ፍጥነቱ 16 ሜጋኸርትዝ፣ ራሙ 2 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ በአቅም ከሦስቱ የመጨረሻው ነው። ነገር ግን በ5 ቮልት ስለሚሠራ ለጀማሪ የሚሸጡ ብዙ ሰንሰሮች በቀጥታ ይገናኙታል። ቺፑ ሶኬት ላይ የተሰካውን ዓይነት ከመረጣችሁ ደግሞ፣ ቺፑ ቢቃጠል ሙሉ ቦርድ አትገዙም፤ ቡትሎደር የተጫነበት ሌላ ቺፕ መተካት ይበቃል።

ኢኤስፒ32፦ እስከ 240 ሜጋኸርትዝ ይሠራል፤ ዋይፋይና ብሉቱዝ አብረውት አሉ። ከስልክ ጋር ለሚገናኝ ፕሮጀክት ተመራጭ ነው። ጥንቃቄው ቮልቴጁ ላይ ነው፤ ፒኖቹ የሚሠሩት በ3.3 ቮልት ነው። ርቀት የሚለካው ኤችሲ-ኤስአር04 በ5 ቮልት ሲሠራ ከኤኮ ፒኑ 5 ቮልት ይልካል፤ በቀጥታ ብታገናኙት ቦርዱን ሊጎዳው ይችላል። በ1 እና በ2 ኪሎኦም ሪዚስተር ቮልቴጁን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ፦ በ2021 በ4 ዶላር ዋጋ የወጣ ሲሆን 264 ኪሎባይት ራም አለው። በማይክሮፓይተን ስለሚጻፍለት ፓይተን ለሚችል ሰው ቀላል ነው። ይሁንና የመጀመሪያው ፒኮ ዋይፋይ የለውም፤ የ3.3 ቮልቱ ጥንቃቄም ይመለከተዋል።

«ኮፒ ቦርድ መግዛት ችግር አለው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። የኡኖ አር3 ንድፍ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ሌላ አምራች ሠርቶ ቢሸጠው ፈቃድ አለው። ያልተፈቀደው የአርዱይኖን ስምና ዓርማ ለጥፎ ኦሪጅናል አስመስሎ መሸጥ ነው። ብዙዎቹ ኮፒዎች ሲኤች340 የተባለ የዩኤስቢ ቺፕ አላቸው፤ ኮምፒውተራችሁ ካላወቃቸው ድራይቨሩን ጫኑ። ኬብሉንም አረጋግጡ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል ኮድ አይጭንም።

በአጭሩ፣ ከዜሮ ለሚጀምር፣ በተለይም አንድ ቦርድ ለሦስት ለአራት ሆነው ለሚማሩ፣ ኡኖ ይሻላል፤ ኢንተርኔት የግድ ከሆነ ኢኤስፒ32፤ ፓይተን ለሚችል ፒኮ። ከበጀታችሁም ለብሬድቦርድ፣ ለሽቦ፣ ለሪዚስተርና ለኤልኢዲ አስቀሩ፤ ያለ እነሱ ቦርዱ ብዙም አያሠራችሁም። ብር ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ዎክዊ በተባለው ሲሙሌተር ሦስቱንም በብራውዘር ላይ በነጻ ሞክሯቸው። እዚያ ላይ ኤልኢዲ ካበራችሁና ሰንሰር ካነበባችሁ፣ የትኛው እንደሚያስፈልጋችሁ ኢንሻአላህ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።