ከዳር ያለው ተጫዋች

ሁለት ሰዎች ዳማ ሊጫወቱ ሲቀመጡ፣ ሁለት ሆነው የሚቆዩት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በካርቶን ላይ በእስክሪብቶ የተሠመረው ሰሌዳ ተዘርግቶ፣ የአንዱ ቆርኪ በፊቱ የሌላው በጀርባው ተደርድሮ ገና መገፋት ሲጀምር ሊስትሮው ሣጥኑን አስቀምጦ ይቆማል፤ የባጃጁ ሹፌር አንገቱን ያሰግጋል። «ብላው! ኧረ ብላው እንጂ!» በደቡብ ጎንደር፣ ነፋስ መውጫም ሆነ መካነ ኢየሱስ ወይም ወገዳ፣ ጨዋታ ዳር ቆሞ አፉን የሚይዝ ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ልማዱ የትናንት አይደለም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 ትግራይ ሄዶ ሳለ የትግራይ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ፣ ማለትም የኢትዮጵያን ቼዝ፣ ሲጫወቱ ተመልክቷል። የገረመው ሕጉ ከአገሩ ቼዝ መለየቱ ብቻ አልነበረም፤ ጫጫታውም ነው። በዙሪያው የቆመ ሁሉ፣ ባሪያ ሳይቀር፣ ድምፅ ነበረው፤ እጁን ሰዶ ጠጠሩን ያነሣና የሚሻለውን መንገድ ያሳያል። ያ ሁሉ መካሪ ባለበት ግን ጨዋታውን ሁልጊዜ የሚያሸንፉት ራስ ወልደ ሥላሴ እንደነበሩ ሶልት ሳይጽፍ አላለፈም። ምክሩ ወዴት ያዘነብል እንደነበር መገመት አያቅትም።

ስለዚሁ ጨዋታ በሰፊው ከጻፉት አንዱ የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1849 መቀመጫቸው ደብረ ታቦር ከነበረው ከራስ አሊ ጋር ውል የተፈራረመው። የሰንጠረዥ መክፈቻ «ወረራ» ይባል ነበር። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሁለቱም እኩል እያንቀሳቀሱ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጥ ነበር። ማሸነፍም ደረጃ ነበረው፦ በፈረስ የተገኘ ድል እንደ ተራ ነገር ሲታይ፣ በመደቅ፣ ማለትም በእግረኛው ወታደር፣ ማሸነፍ ያስመሰግን ነበር። ማመስገን ደግሞ የተመልካች ሥራ ነው። ከዳር የቆመው በጨዋታው ድርሻ ነበረው ማለት ይቻላል።

የዛሬው የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን ደንብ ተቃራኒው ነው። ተመልካች በሌሎች ጨዋታ ላይ ቃል መተንፈስ አይፈቀድለትም፤ ከተናገረ ዳኛው ከአዳራሹ ሊያስወጣው ይችላል።

የቪዲዮ ጌም በቀጥታ የሚያሠራጩ ሰዎች በእነዚህ ሁለት ልማዶች መካከል ተቀምጠዋል። ትዊች የተባለው የቀጥታ ሥርጭት ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከዚያም በዩቲዩብና በቲክቶክ፣ አንድ ሰው ሲጫወት ብዙ ሰው ያያል፤ የሚያየውም ከሥር ይጽፋል። ሳይጠየቅ የሚመክረውን ሰው ፈረንጆቹ ከመኪና ኋላ ወንበር ሆኖ ሹፌሩን «ታጠፍ፣ ፍጠን» ከሚል ተሳፋሪ ጋር ያመሳስሉታል። አንዳንዱ አጫዋች ገና ከመጀመሩ «ምክር አልፈልግም» ብሎ ይለጥፋል፤ ሌላው «ንገሩኝ፣ ጠፍቶብኛል» ይላል። ጨዋ ተመልካች መጀመሪያ የሚያነበው ይህን ነው።

ምክሩ ራሱም አንድ ዓይነት አይደለም። ዳማ ላይ «ብላው» ሲባል ሰሌዳው ለሁሉም ግልጽ ነው፤ መካሪው የሚያየውን ተጫዋቹም ያያል። ታሪክ ባለው ጌም ግን ቀድሞ የጨረሰ ሰው «ከበሩ ጀርባ ጠላት አለ» ቢል የሚሰጠው ምክር ሳይሆን ገና ያልተነገረ የተረት መጨረሻ ነው። «ፍንጭ ልስጥ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከተፈቀደም ፍንጩን ብቻ መስጠት የተሻለ ነው። ሁለት ሰው በሚፎካከርበት ጨዋታ የአንዱን መደበቂያ ለሌላው መጠቆም ግን ያው ማጭበርበር ነው፤ የሥነ ምግባር ጥያቄ እንኳ አያስፈልገውም።

ተመልካቹ ሙሉ በሙሉ ተጫዋች የሆነበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 በትዊች ላይ ፖኬሞን ሬድ የተባለው ጌም አንድ ተጫዋች ሳይመደብለት ተለቀቀ፤ ተመልካቾች የሚጽፉትን ትእዛዝ ማሽኑ እየተቀበለ ይፈጽማል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተሳተፈ፤ ገጸ ባሕሪው አንድ ጥግ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲሽከረከር ከቆየ በኋላም ጌሙ በ16 ቀን ተጠናቀቀ። ለራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ የሚሆን ጨዋታ ነበር።

የገንዘቡ ጉዳይ ሌላ ነው። ቲክቶክ ላይ ስጦታ የላከ ሰው ትእዛዙም አብሮ የተከፈለበት ይመስለዋል፤ አጫዋቹም ለማመስገን ቆም ሲል ይሞታል፣ በጌሙ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያናድደው መዘግየቱ ይመስላል። የቀጥታ ሥርጭት ምስል ተመልካቹ ዘንድ የሚደርሰው ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ነው፤ «ወደ ግራ!» ተብሎ ሲጻፍ አጫዋቹ ወደ ቀኝ ሄዶ፣ ወድቆ፣ እንደገና ጀምሯል። ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት ደግሞ ይብሳል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ በጋይንትም ሆነ በእስቴ ለመካሪው የቀረለት የካርቶኑ ሰሌዳ ነበር። እዚያ «ብላው!» ሲባል ቆርኪው ገና ከተጫዋቹ ጣት አልተላቀቀም።